በምሳ ሰዓት የሚዘጋ በር

ሰው በር ሲዘጋ ካየሁ እረፍት የለኝም። እናቴ ይህን ጠባዬን ገና በልጅነቴ አውቃው ነበር። ጎረቤት በተጣላ ቁጥር ከአጥሩ ሥር ጆሮዬን ቀስሬ የምገኘው እኔ ስለነበርኩ፣ "ይቺ ልጅ አንድ ቀን ጣጣ ታመጣለች" ትል ነበር። ጣጣው የመጣው አሰላ ላይ ነው። የወደቀው ግን በሌላ ሰው ላይ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከእርሻ ማሠልጠኛ ስመረቅ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ዕጣ ሲወጣ አሰላ ደረሰኝ። ስለ አርሲ የማውቀው ብርድና ስንዴ እንዳለው ብቻ ነበር፤ ስደርስ ሁለቱም እውነት ሆነው አገኘኋቸው። ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ በጠዋት ጣቴን ስለሚያደነዝዘው፣ የመጀመሪያውን ወር እስክሪብቶ እንኳ በወጉ መያዝ አልቻልኩም።

የተመደብኩት በዘር መመርመሪያ ክፍል ነው። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። የገበሬ ማኅበራት ለዘር ያዘጋጁት ገብስና ስንዴ ከየወረዳው ናሙናው ይመጣልናል። ከእያንዳንዱ ናሙና አራት መቶ ፍሬ እንወስድና መቶ መቶውን በየሳህኑ፣ በእርጥብ ወረቀት ላይ በወረንጦ እንደረድረዋለን። ሙቀቱ በተጠበቀ ሣጥን ውስጥ ሰባት ቀን ከቆየ በኋላ ከመቶው ስንቱ ደህና ሆኖ እንደበቀለ ይቆጠራል። ቁጥሩ ጥሩ ከሆነ እህሉ ዘር ሆኖ ለገበሬ ይታደላል፤ ካልሆነ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። አንድ የተሳሳተ ቁጥር የአንድ ቀበሌ ገበሬ ዓመት ሙሉ የሚበላውን ሊያሳጣው ይችላል ማለት ነው። ይህን ማሠልጠኛ ውስጥ ሸምድጄዋለሁ፤ መሸምደድና መረዳት የተለያዩ መሆናቸው የገባኝ ቆይቶ ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሴት ነበሩ። "እትዬ" እላቸው ነበር። የአካባቢው ኦሮሞ ናቸው። ሥራ የጀመሩት ከእኛ ቀጥሎ ባለው መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው እንክርዳድ ከሚለቅሙት ሴቶች ጋር ነው። ፈረንጆች በአካባቢው የእርሻ ፕሮጀክት በከፈቱ ጊዜ ከመካከላቸው አንዱ የእጃቸውን ጥንቃቄ አይቶ ወረንጦ ሰጣቸው ይባላል። ማንበብና መጻፍን የተማሩት ከዚያ ወዲህ፣ በጸሎት ቤታቸው ነው። እኔ አሰላ ስደርስ ጸሎት ቤቱ ታሽጎ፣ ኋላም የቀበሌ መሰብሰቢያ ሆኖ ነበር። ሰዉ ከኋላቸው "ጴንጤዋ" ይላቸዋል። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ሲጠሩት እንደሰማ ሰው ዞር ይሉና ይስቃሉ።

እኔ ያደግኩት ኦርቶዶክስ ቤት ነው። ያን ጊዜ ግን ሳይንስ የተማርኩ ነኝ ብዬ አፍንጫዬን የነፋሁ ልጅ ስለነበርኩ ጾሙንም ጸሎቱንም ትቼዋለሁ። ስለዚህ እኚህን ሴት የማያቸው እንደ እንቆቅልሽ ነበር። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ ሲኖር ሁላችንም ግራ እጃችንን ወደ ላይ ሰቅለን መፈክር እንጮሃለን። እሳቸው ይነሳሉ፤ እጃቸው ግን ከነጠላቸው ውስጥ አይወጣም። በዚህ ምክንያት የደረጃ እድገት ሦስት ጊዜ አልፏቸዋል። በማግስቱ ጠዋት ከማንም ቀድመው ገብተው የሣጥኑን ሙቀት ሲያነቡ አገኛቸዋለሁ። ለምን እንደማይማረሩ ሊገባኝ አልቻለም። እኔ አንድ ጊዜ የብርድ አበል ሊሰጠን ይገባል ብዬ ሳምንት አኩርፌያለሁ።

ከሁሉ ይበልጥ ያላስተኛኝ የምሳ ሰዓቱ ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ይወጣል። እሳቸው ግን "አንቺ ሂጂ ብዪ፣ ኢንተላ ኮ" ይሉኛል። ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ በሩ ይዘጋል። ቁልፉ አይዞርም፣ ግን ይዘጋል። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ስመለስ እጃቸውን ታጥበው፣ ደረቅ ቂጣቸውን ጨርሰው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው ይጠብቁኛል።

አንድ ቀን ምሳዬን ትቼ ተመለስኩና በሩ ላይ ተለጠፍኩ። ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ የሚናገሩት በኦሮምኛ ነው። የለየሁት የቦታ ስም ብቻ ነበር። "ጎበሳ" አሉ። ትንሽ ዝም ብለው አንድ ነገር አንሾካሾኩ። "አርቦዬ" አሉ። እንደገና ዝምታ። "አቦምሳ።" በሌላ ቀንም ተመላልሼ ሰማሁ፤ ቦታው ይለዋወጣል እንጂ አነጋገሩ ያው ነው።

በዚያ ሰሞን የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ጠራኝ። ክፉ መልክ የሌለው፣ ቀድሞ አስተማሪ የነበረ፣ ሲናገር ጣቱን የሚያፍተለትል ወጣት ነው። "ምሳ ሰዓት በር ዘግታ ምን እንደምትሠራ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ያየሽውንና የሰማሽውን ብቻ ጻፊልኝ፤ ጨምሪ አላልኩሽም" አለኝ።

ተገደድኩ ብል እዋሻለሁ። እንዲያውም የልብ ልብ ተሰማኝ። ያን ሁሉ ቀን ብቻዬን ስፈትለው የነበረውን ነገር የሚሰማኝ ሰው አገኘሁ። አንድ ገጽ ጻፍኩ። የሰማሁትን ቦታዎች በተራ ደረደርኳቸው። አትጨምሪ የተባልኩትን ረስቼ መጨረሻው ላይ የራሴን ግምት አስገባሁ፦ "በየከተማው የተደበቀ የጸሎት ስብስብ ይኖር ይሆናል።" ዓረፍተ ነገሩ ሲያምር ታይቶኝ ደግሜ አነበብኩት።

ከአምስት ቀን በኋላ ሁለት ሰዎች መጥተው እትዬን ይዘዋቸው ሄዱ። ሲወጡ ሹራባቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱና፣ "ሣጥኑን በሦስት ሰዓት በሦስት ሰዓት እዪው" ብለውኝ ሄዱ። ራሴን ለማጽናናት ደህና አድርጌ አውቅበታለሁ፤ "የጻፍኩት እውነቱን ነው፣ ንጹሕ ከሆኑ ይለቋቸዋል" እያልኩ ወረንጦዬን አነሳሁ።

ጊዜው የታኅሣሥ መጀመሪያ ነበር። ከጎበሳ በኩል ካለ አንድ የገበሬ ማኅበር ገና ከአውድማ የተነሳ ገብስ ናሙና መጣ። ብቻዬን መሥራት መቻሌን ላሳይበት ፈለግሁ። አራት መቶውን ደርድሬ ሰባት ቀን አቆየሁና ቆጠርኩ። ከመቶው አርባ አንድ። "የማይበቅል" ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም አስመትቼ ላክሁ።

ቁጥሩ ከእኔ እጅ ከወጣ በኋላ የራሱን መንገድ ሄደ። ማኅበሩ ምርጥ ዘር አባዝቶ እንዲያቀርብ የታዘዘ ነበርና ከግማሽ በላይ የማይበቅል እህል ማቅረቡ አሻጥር ተባለ። የዘር መጋዘን ኃላፊው ጥሩውን ሸጦ አሮጌ እህል ቀይጧል ተብሎ አሰላ መጥቶ ታሰረ። በዚያ ዘመን አሻጥር የተባለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ለማንም አይጠፋም። ሚስቱ ዘመድ ቤት አርፋ በየጠዋቱ ምግብ በፎጣ ጠቅልላ በእኛ በር ታልፋለች። ስታልፍ ቀና ብላ ምልክታችንን ታያለች፤ ማንበብ አትችልም፣ ግን ቤቱን አውቃዋለች። እኔ ከመስኮቱ ዘወር እላለሁ።

እትዬ በሃያኛው ቀን ተፈትተው በማግስቱ ሥራ ገቡ። ፊታቸው ገርጥቷል፣ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። ምን እንደሚሉኝ ጠፍቶኝ ቆሜያለሁ። ሰላም ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። "ጎበሳ ውስጥ ማንን ታውቂያለሽ ብለው ጠየቁኝ። ጎበሳን የማውቀው በገብሱ ነው አልኳቸው" አሉና ሳቁ። እኔ ግን አመዴ ቡን አለ። ጥያቄው ከየት እንደመጣ የማውቀው እኔ ነኝ።

ከዚያ መዝገቡን ገለጡ። የእኔን አርባ አንድ አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። "ይህ የዘንድሮ አጨዳ ነው?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ፍሪጅ ውስጥ ስንት ሌሊት አሳደርሽው?"

ጉዴ ፈላ። ከአውድማ ትኩሱን የመጣ ገብስ ቶሎ አይነቃም። እርጥብ ወረቀት ላይ ተደርጎ አምስት ሌሊት ብርድ ካላገኘ፣ ሕያው ሆኖ ሳለ የሞተ ይመስላል። ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም መጥቶልኝ መልሼዋለሁ። ነገር ግን አሰላ የመጣሁት ከአጨዳ በኋላ ስለነበር ዓመቱን ሙሉ ያየሁት ሲከርም የቆየ እህል ነው። ፍሪጁን ውሃዬን ከማቀዝቀዝ በቀር ለምንም አስቤው አላውቅም ነበር። ሄጄ ፍሪጁን ከፈትኩላቸው፤ ውስጡ የውሃ ጠርሙሴ ብቻ ነበር።

በዚያ ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን "ሂጂ ብዪ" አላሉኝም። "ዛሬ ቆዪ" አሉና በሩን ዘጉት።

እንግዲህ ያን ሁሉ ጊዜ የጓጓሁለትን አየሁ። ሳህኖቹን ከሣጥኑ አወጡ። የመጀመሪያው ላይ የተለጠፈችውን ምልክት አንብበው የመጣበትን ቦታ ጠሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው በኦሮምኛ ጥቂት ቃል ተናገሩ፤ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ከዚያ ወረንጦ አንስተው ጠዋት እኔ የቆጠርኩትን ሳህን ከአንድ ጀምረው ቆጠሩ። ሲጨርሱ ቀጣዩን ቦታ ጠሩ። የሚሉትን እንዲተረጉሙልኝ ጠየቅኋቸው። "ይህን የሚዘራውን ሰው አላውቀውም። አንተ ታውቀዋለህ። እጄ እንዳያታልለው ጠብቅልኝ። ይኸው ነው" አሉኝ።

መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ከቁጥሮቼ ጎን ጎን በእርሳስ የተጻፉ ደቃቅ እርማቶች አሉ፤ ብዙ አይደሉም፣ ግን አሉ። ሦስት ቦታ ላይ ስህተቴ ዘሩን ከሚያልፈው ወደሚወድቀው የሚያደርስ ነበር። የተላኩት ደብዳቤዎች በእርማቱ የተጻፉ ናቸው። ዓመት ሙሉ ጎበዝ ሠራተኛ ነኝ ብዬ ስኮፈስ የኖርኩት በእሳቸው ምሳ ሰዓት ነው። ያልታረመው የኔ ቁጥር እሳቸው በታሰሩበት ጊዜ የወጣው ብቻ ነበር። አፈርኩ። እንዲህ ያለ እፍረት ከዚያ በፊት አላውቅም።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"በየቀኑ ተሳሳትሽ ብልሽ እጅሽ ይፈራል። የፈራ እጅ ደግሞ አይቆጥርም። ቀስ እያለ ይስተካከል ነበር፤ ከሐምሌ ወዲህ እኮ ጥሩ ነሽ" አሉ። ከዚያ ፊታቸው ቆጣ አለ። "ይህን ግን ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። የአዲስ እህልን ነገር ግድግዳው ላይ ጽፌ መለጠፍ ነበረብኝ።"

ከናሙናው የተረፈው ገብስ እርጥብ ወረቀት ላይ ሆኖ ፍሪጅ ገባ። አምስት ሌሊት በብርድ፣ ሰባት ቀን በሙቀት፤ አሥራ ሁለት ቀን። ሊፋጠን አይችልም። በእነዚያ ቀናት ሁሉ የመጋዘን ኃላፊው እስር ቤት ነው፣ ሚስቱም በበራችን ታልፋለች። በሁለተኛው ቀን እትዬ ወጥተው አስቆሟትና በኦሮምኛ አነጋገሯት። "ምን አሏት?" አልኩ፤ ጠባዬ አይለቅም። "ገብሱን እንደገና እያየነው ነው አልኳት። ተስፋ አልሰጠኋትም፣ አልበቀለማ ገና" አሉኝ። ካድሬው ጋም ሄደው ድጋሚ ምርመራ መጀመሩን በጽሑፍ አሳወቁ። ሰው ትናንት ከእስር ወጥቶ ዛሬ ራሱን እንደዚህ ያጋልጣል ወይ ብዬ ገረመኝ። "ቢበቅል እኮ የተሳሳተው መሥሪያ ቤቱ ነው ይባላል፤ አሻጥሩ ወደ እኛ ይዞራል" አልኳቸው። "አዎ ይዞራል" አሉና ወረቀቱን ማርጠብ ቀጠሉ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አብረን ቆጠርን። ዘጠና አራት፣ ዘጠና አምስት፣ ዘጠና ሦስት፣ ዘጠና ስድስት። ሥሩ ነጭ ሆኖ ወረቀቱን ሞልቶታል። አለቀስኩ፤ ከደስታው ፍርሃቱ ይበልጥ ነበር። እሳቸው እዚያው ቁጭ ብለው ደብዳቤውን በእጃቸው ጻፉ፦ የመጀመሪያው ምርመራ ያለ ማቀዝቀዝ የተደረገ በመሆኑ ስህተት ነው፤ ዘሩ ጤነኛ ነው፤ ሰውየው አልቀየጠም። ፈርመው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩና፣ "ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ። የኔ የሆነውን እናገራለሁ። ያንቺን አልናገርብሽም፣ አልወስድልሽምም" አሉኝ።

ሰኞ ስብሰባ ተጠራ። ካድሬው ደብዳቤውን አንብቦ ሲያበቃ "ይህን ስህተት የሠራው ማነው?" አለ።

እትዬ ተነሱ። "ክፍሉ የኔ ነው። አዲስ እህል እንዴት እንደሚያዝ ጽፌ አልለጠፍኩም፣ ለሠራተኛዬም አላስታወስኩም። ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ።

"ምርመራው በተሠራበት ሳምንት አንቺ የት ነበርሽ?" አላቸው። አፉን ሳይዘጋ ጥያቄው ራሱን እንደያዘው ገባው። ያን ሳምንት የት እንደነበሩና ያሳሰራቸውም እሱ ራሱ መሆኑን አዳራሹ ሁሉ ያውቃል። ክፍሉ ውስጥ የቀረሁት ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁሉም ቀስ እያለ ወደ እኔ ዞረ። መነሳት የነበረብኝ ያኔ ነው። እግሬ አልታዘዘኝም ማለት እወዳለሁ፤ እውነቱ ግን አላዘዝኩትም። ካድሬው ነገሩ ወደራሱ እንዳይመጣ በችኮላ ስብሰባውን ዘጋው።

የመጋዘን ኃላፊው በሳምንቱ ተለቀቀ፤ ገብሱም ለዘር ወጣ። እትዬ ግን በ"ኃላፊነት ጉድለት" ከክፍሉ ተነስተው ወደ መጋዘኑ፣ እንክርዳድ ለቀማ ተመለሱ። በቦታቸው እኔ ተሾምኩ። ወንበራቸው ላይ እንድቀመጥ ታዘዝኩ፣ ተቀመጥኩም።

በመጀመሪያው ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ። ነጠላቸው አቧራ ለብሶ ቆመዋል። "ልቁጠርልሽ?" አሉኝ፤ ለአለቃ እንደሚነገር አድርገው፣ በትሕትና። ለአራት ወር ያህል በየቀኑ መጡ። የራሳቸውን ምሳ ሰዓት ሰጥተው፣ ምንም ሊያገኙበት በማይችሉት ሥራ ላይ ተቀምጠው ቆጠሩ። ቦታውን ይጠራሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይቆጥራሉ። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ ለካድሬው የጻፍኩትን ወረቀት አስባለሁ።

አንድ ቀን አላስችል አለኝ። "እትዬ፣ ያሳሰርኩዎት እኔ ነኝ። በር ላይ ቆሜ ሰምቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ወረንጦው አልቆመም። መቶው እስኪሞላ ቆጠሩና ቁጥሩን መዝገቡ ላይ አሰፈሩ። "አውቃለሁ። ሲጠይቁኝ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውት ነበር። ዓመት ሙሉ ሳርመው የኖርኩትን የእጅ ጽሑፍ እኔ እንዴት አጣዋለሁ?" አሉ።

"ታዲያ ያን ጠዋት የሳሙኝ አውቀው ነው?"

"አውቄ ነው።" ወረንጦውን አስቀምጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ትኩር ብለው አዩኝ። "ቀላል እንዳይመስልሽ። እዚያ ሆኜ በየቀኑ ስለሁሉም ስጸልይ ስምሽ ላይ ስደርስ አፌ ይዘጋ ነበር። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ እስከ ዘጠኝ ቀን። በአሥረኛው ጠራሁሽ። ባይሆንልኝ ኖሮ ሥራ አልመለስም ነበር፤ እንደዚያ ሆኜ ያንቺን ሳህን መቁጠር አልችልም።"

ከዚያ ቀጣዩን ሳህን ወደ እኔ ገፉት። "አሁን ቦታውን አንቺ ጥሪው" አሉኝ።